በአንድ ማርሽ የሚያድር መኪና

የባሌን ቀኝ እጅ ከፊቱ አብልጬ አውቀዋለሁ። ፊቱንማ መቼ አየሁት፤ ሳይነጋ ይወጣል፣ መሽቶ ይገባል፣ ከበላ በኋላ ወንበሩ ላይ ያሸልባል። እጁ ግን ሲተኛም አያርፍም። ጉልበቱ ላይ ጋደም ብሎ ይቆይና ድንገት ወደ ፊት ገፋ ያደርጋል፣ ማርሽ እንደሚያስገባ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ሊማታ መስሎኝ እደነግጥ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ሲነቃ «አሁን ስንተኛው ላይ ነህ?» እለዋለሁ። «አንደኛው ላይ ነኛ፣ አቁሜ ነው የመጣሁት» ይለኛል።

ሾፌሮቹ «አንድ አስገባ» ነበር የሚሉት። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩና እኔ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ይህ ቅጽል የወጣለት መኪና አቁሞ የሚሄድ ሰው ባየ ቁጥር፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ «አንድ አስገብተሃል?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። መኪና ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ያወቅኩት ከሱ ነው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዝለታል። ያ ብቻ አይበቃም የሚሉ ሰዎች ግን አሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ አንደኛው ላይ ከተተወ ጎማው ታንቆ ያድራል፣ ዳገት ላይም ሆነ ቁልቁለት ላይ ንቅንቅ አይልም። ባሌ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ያውም የባሰው። የእጅ ፍሬኑን ይይዛል፣ አንደኛውን ማርሽ ያስገባል፣ ከዚያ ደግሞ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ከእንጨት የተጠረበ ታኮ ይሸጉጣል። ሠርጋችን ዕለት ሳይቀር ሙሽሮቹን የያዘችው መኪና ስትቆም ከጎኔ ተነስቶ ወርዶ ሾፌሩን «አንድ አስገብተሃል?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ነገሩን አላውቅም ነበራ።

ነገሩን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ባሌ ወሬ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ሰው አይደለም፤ ዛሬ አንድ ቁራሽ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ ቁራሽ ነው። ገጣጥሜ የሰማሁት ይህ ነው። እኔን ሳያገባ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳለ፣ ሲሚንቶ የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ረዳቱ ከሱ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ አቆሙና እሱ የጭነቱን ወረቀት ሊያስፈርም ወረደ። አሠሪው ከኋላው ቶሎ በል ቶሎ በል ይላል። የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ ረዳቱ ከፊት ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ፣ ማርሹን ግን በችኮላ ዜሮ ላይ፣ ማለት ምንም ሳያስገባ፣ ተወው። ፊርማው ሳይደርቅ መኪናው ድንጋዩን ወጥቶበት ሄደ። ረዳቱ ከፊት ለፊት ነበር። አልሞተም፤ ሁለቱም እግሮቹ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጡ። ባሌ በየወሩ መጨረሻ ክራቫት እንደሚያስር ሰው ተዘጋጅቶ ይሄድ የነበረው እሱን ሊጠይቅ ነው። ሰውየው እስኪሞት ድረስ አንድም ወር አላስታጎለም። ምን ይባባሉ እንደነበር አላውቅም። አንድ ጊዜ ብጠይቀው «ካርታ እንጫወታለን፣ ያሸንፈኛል» አለኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ እንኳን ልጥ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ እባቡን አይቶታል።

ከከባድ መኪና ወደ ከተማ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ጡረታ መጣ። ጡረታው አልተስማማውም። ሁለት ወር ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ የሳሎኑን ምንጣፍ ፈጀው። በመጨረሻ ባጠራቀምናት ገንዘብ አሮጌ ነጭ መኪና ገዛና አራት ሴቶች ማመላለስ ጀመረ። ሴቶቹ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምድጃ ላይ መገኘት አለባቸው። «ሴቶቼ» ነው የሚላቸው። «ሴቶቼ ዛሬ ተኮራርፈው ነበር፤ ሁለቱ ግራ ሁለቱ ቀኝ እያዩ ሄዱ» ይለኛል። እኔ ደግሞ በስተርጅና አራት ጣውንት መጣብኝ እያልኩ እቀልድ ነበር። አንደኛዋ ይህን ሰምታ «ለትልቋ ጣውንታችን» ብላ ሻርፕ ልካልኛለች። አሁንም አለኝ።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፣ ሲወጣም ሲወርድም ጮክ ብሎ ስለሚቆጥር አውቀዋለሁ። ግቢው ዳገት ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ፣ ወደ ግንቡ አዙሮ ይቆማል፤ ጀርባው ወደ መንገዱ ነው፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ሰው አውቶቡስ የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር አለ። መኪናው አርጅቷልና ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ካልሞቀ ዳገቱ ላይ ይተፋል፣ ያንቀዋል፣ ይጠፋል። ስለዚህ ባሌ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወርዶ ያስነሳዋል። ለመመለስ ጉልበቱ እሺ ስለማይለው እዚያው ብርዱ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀመጣል። ሳሉን ከሦስተኛ ፎቅ እሰማው ነበር። በአንድ የብርድ ወቅት ሳንባ ምች ያዘውና አሥራ አንድ ቀን ተኛ። እጁ ላይ የግሉኮስ መርፌ ተተክሎበትም ማርሽ ሲያስገባ ነርሷ ተቆጣችው።

አንድ ልጅ ነው ያለችን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ከሆስፒታል ባወጣነው ዕለት ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ «አባዬ፣ በቃ» አለችው።

«ምኑ?»

«መንዳቱ።»

«እሺ፣ ከዚያስ? መስኮት ላይ ተቀምጬ ርግብ ልቁጠር?»

እሷም የአባቷ ልጅ ናት፣ ተሟግታ ስትደክም ዝም አትልም፣ ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። በሳምንቱ ሪሞት ይዛ መጣች። ከፎቅ ሆኖ ሲጫኑት መኪናው በራሱ ይነሳል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ አሥር ደቂቃ ሠርቶ የሚመጣ ሰው ካጣ መልሶ ይጠፋል። «አንተ ሻይህን እየጠጣህ መኪናው ይሞቃል። ብርድ ውስጥ መቀመጥ የለም» አለችው። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ግን ቃል ትገባልኛለህ። ይህን ተጠቅመህ ካላስነሳኸው ቁልፉን ትሰጠኛለህ።» ቃል ገባ። ባሌ ቃል ሲገባ ደግሞ ቃል ነው፣ ለዚያ ነው ነገሩ የከበደው።

መሣሪያውን የገጠመው ኤሌክትሪሺያን አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ብሎን መፍቻውን ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነበር። ሽቦውን ጨርሶ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ አንዲት ነገር ብቻ ናት» አለው። «ማርሹን ዜሮ ላይ ትተው ነው የሚወርዱት።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ። ማርሽ ገብቶ ካደረ ከሩቅ ሲያስነሱት ይዘላል። ሰው የለበትም እኮ፣ ማን ፍሪሲዮን ይረግጥለታል?»

ባሌ የማርሹን ራስ ጨበጠ። ኤሌክትሪሺያኑ አካሄዱን ሁለት ጊዜ አሳየው። ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ዜሮ ያደርጋሉ፣ የእጅ ፍሬን ይይዛሉ፣ ቁልፉን ይነቅላሉ። ቁልፍ ተነቅሎም ሞተሩ አይጠፋም። ወርደው በሩን ሲዘጉ ያኔ ራሱ ይጠፋል። «በሩን መልሰው ከከፈቱ ግን ተሰረዘ። ጠዋት ቢጫኑትም አይነሳም። ሰው ገብቶ ማርሹን ነክቶት ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል ማለት ነው።»

«ከኔ የባሰ ጠርጣራ ነው በለኛ» አለ ባሌ።

«እንግዲያማ ትግባባላችሁ።»

ሰውየው ይህን ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ በተራ ጽፎልን ሄደ። መስኮቱ አጠገብ ለጠፍኩት። ዓይኔ ቀርፋፋ ቢሆንም ፊደል እቆጥራለሁና ለብቻዬ ስሆን ደጋግሜ አነበብኩት።

በመጀመሪያው ምሽት ከመስኮት ሆኜ አየሁት። እንደተባለው አደረገ። ወረደ፣ በሩን ዘጋ፣ ሞተሩ ጠፋ። ታኮውን ሸጎጠ። ሦስት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ዘወር ብሎ መኪናውን አየ፣ ከመኪናው በታች ያለውን አግዳሚ ወንበር አየ፤ አንዲት ሴትዮ ዘምቢሏን ይዛ ተቀምጣለች። ተመለሰ። በሩን ከፈተ፣ ወገቡን አጎንብሶ እጁን ሰደደ። ምን እንዳደረገ ለመገመት ጠንቋይ አያሻም።

ጠዋት መስኮት ላይ ቆሞ ሪሞቱን ተጫነ። መኪናው ዝም። እንደገና ተጫነ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም አላለም» አለና ብርድ ልብሱን ይዞ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃምሳ አራት።

እንዲህ አሥራ ሁለት ቀን ሄደ። በየምሽቱ ያው ነው፤ ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይከፍታል። በየጠዋቱ ደግሞ እንደማይነሳ እያወቀ ሪሞቱን ይጫናል። ለምን ትጫናለህ ብዬ ብጠይቀው «ቃል ገብቻለኋ» አለኝ። ልጄ ስትደውል «ሠራ?» ትለኛለች። «ኧረ አባትሽ ሻይ ለምዷል» እላታለሁ። ሻይ መልመዱ ውሸት አይደለም። የቀረውን በሆዴ ያዝኩት።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። አርባ አንድ ዓመት በሰው ሳል፣ በሰው ጫማ ድምፅ ነው የነቃሁት። ቁልፉን ቢሰጣት ደስ የሚለኝ ቀን ነበር። እስከ አንድ ሰዓት ተኝቼ መነሳት ምን እንደሚመስል ማየት እፈልግ ነበር። ግን ያችን የጡረታ ሁለት ወር አስታውሳታለሁ። ሰው በቁሙ ሲያንስ አይቻለሁ። እሱን ከማየት ሳሉን ብሰማ ይሻለኛል እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሳሉ ይመጣና እሱም አይሻለኝም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጄ ደወለች። ቤታቸው ቀለም ሊቀባ ነው፤ ሽታው ራሷን ስለሚያማት ከእሑድ ማታ ጀምሮ አንድ ሳምንት እኛ ጋ ልታድር ነው። ስልኩን ዘግቼ ለባሌ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ሪሞቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ትወስዳለች» አለ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ዝም እለው ነበር።

ሐሳቡ የኔ ነው፣ በሱ አላላክክም። «መኪና ማስነሳት ከባድ ነው?» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «ለማን?»

«ለኔ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረድን። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከመሪው በስተጀርባ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበሩ በሱ ልክ ተበልቷል፤ ተዘፍቄ አፍንጫዬ መሪው ሥር ገባ። ትራስ አመጣልኝ። አስተማሪ ሲሆን ሌላ ሰው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሲናገር ሰማሁት።

«ይቺ ፍሪሲዮን ናት። እስከ ወለሉ ርገጫት። ግማሽ መንገድ አይደለም፣ እስከ ወለሉ። አሁን ቁልፉን። ሲነሳልሽ ማርሹን ወደ ዜሮ። ቀስ... ማማሰያ አይደለም እኮ ሴትዮ።»

«ማማሰያ ቢሆንማ አንተ ነበርክ የምትማረው።»

«ከዚያ እግርሽን አንሺ። ዜሮ ካልሆነ ግን እንዳታነሺ።»

«ከመጀመሪያው ዜሮ ላይ ብታሳድረው ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።»

ትራሱን ከሥሬ አስተካከለልኝ። እኔም አልደገምኩትም።

ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል «ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ልግዛ» ብዬ እወርዳለሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መጋረጃችንን አያለሁ። ባሌ ልጄን ይጠራና መጋረጃውን ይከፍታል፣ ሪሞቱን ይዞ ክንዱን ይዘረጋል፣ ይጫናል። እኔ ቁልፉን አዞራለሁ። መኪናው ይነሳል። ልጄ በእንቅልፍ ዓይኗ ታያለች፤ መስታወቱ በጤዛ ስለሚሸፈን ማን ውስጡ እንዳለ አይታይም። «አየህ አባዬ፣ ምን ያስፈራ ነበር?» ትለዋለች። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ሲወርድ እኔ ወጥቼ ወደ ዳቦ ቤቱ እሄዳለሁ። ሪሞቱ እኔ ነበርኩ። ውሸት እንዳይሆን በየቀኑ በእርግጥ ዳቦ ገዛሁ። ረቡዕ ማታ ልጄ የዳቦውን ቅርጫት ከፍታ «እማዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እኔ የማላውቃቸው ስንት ሰዎች ይኖራሉ?» አለችኝ።

ቀልዱ ቀልድ ነው። ደረጃው ግን ለኔም ሃምሳ አራት ነው። የሱ ጉልበት ነው የሚያመው፣ የኔ ዳሌ። ሐሙስ ሲደርስ ማታ እየደነዘዘኝ ተኝቼ መገላበጥ አቃተኝ። ባሌ ስነሳና ስቀመጥ ያየኛል። አንዴ «ዛሬ እኔ ልውረድ» አለ። «ሪሞቱን ማን ይጫን ታዲያ፣ ጎረቤት?» አልኩት።

ዓርብ ዝናብ ሲያካፋ አድሮ ነበር። የጫማዬ ሶል ረጥቧል። ገባሁ፣ ረገጥኩ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ እንደተነሳ እግሬ ከፍሪሲዮኑ ላይ ሸርተት አለ። ማርሹ አንደኛው ላይ ነበራ፣ እንደ ሁልጊዜው። መኪናው እንደተገረፈ በቅሎ ወደ ፊት ዘለለ። ግንቡን መታና ጠፋ። ግንባሬ መሪው ላይ አረፈ። ከዚያ ጸጥ አለ፣ የመስታወት ስብርባሪ ብቻ አንድ በአንድ ሲወርድ ይሰማል።

ብዙም አላመመኝም። የአፍረቱ ይብስ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ምን ብዬ ልዋሽ እያልኩ ሳስብ የደረጃው በር ተበረገደ። ባሌ ነው። ሃምሳ አራቱን ደረጃ እንዴት እንደወረደው አላውቅም፣ ሲቆጥርም አልሰማሁም። አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው፤ ሪሞቱን እንደጨበጠ ነው። በሩን ከፈተና መሬት ላይ ተንበረከከ። ግንባሬ እየደማ ነበር፣ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

«እግርሽ?» አለ። «እግርሽን።»

በሁለት እጁ ከጉልበቴ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዳሰሰ፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ። «አሉ እኮ» አልኩት። «ሁለቱም አሉ።» አልሰማኝም። ሦስት ጊዜ ዳሰሳቸው። የዳሰሰኝ ያ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ፊት ሲገፋ የኖረው እጅ ነው።

ልጄ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከኋላው ደረሰች። የተሰበረውን መብራት አየች፣ ትራሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሪሞቱን አየች።

«እማዬ» አለች፣ «ዳቦ የሚሸጠው እዚህ ውስጥ ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠች፣ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትንሽ ቆይታ ለአባቷ እጇን ዘረጋች። «ቃል ገብተህልኛል።»

«ገብቻለሁ» አለ። «ሴቶቼ ግን ጥግ ላይ ቆመዋል። ዛሬን ላድርሳቸው። ማታ እሰጥሻለሁ።»

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ግንባሬን አጥባ ፕላስተር ለጠፈችልኝ። «ሐሳቡ የኔ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ «እሱ እንዲህ ዓይነት ተንኮል ከየት ያመጣል።»

ማታ ሁለታችንም መስኮቱ ላይ ነበርን። የተሰበረውን መብራት በፕላስቲክ አስሮ መጣ። ግቢው ገባ፣ አፍንጫውን ወደ ግንቡ አዙሮ አቆመ። ወረደ፣ በሩን ዘጋ። ሞተሩ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጠፋ። ታኮ ሸጎጠ፤ ዛሬ ሁለት ነው ያመጣው፣ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች። ሦስት እርምጃ ተራመደ። ቆመ። ከታች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ተመለሰና የበሩን እጀታ ያዘ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ልጄ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አልኳት፣ የሚሰማን ይመስል።

ማንቆርቆሪያ ተጥዶ እስከሚፈላ ድረስ እጀታውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ለቀቀው። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና በግራ እጁ ከውጭ ያዘው፣ ዶሮ እንዳታመልጠው እንደያዘ ሰው። እንዲያ እንዳለ ወደ በሩ መጣ። ደረጃውን ሲቆጥር ሰማነው። አርባ ላይ ሲደርስ አረፈ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ገብቶ ቁልፉን ልጄ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጠዋት በሪሞቱ ካልተነሳ ያንቺ ነው» አላት።

ያን ሌሊት የተኛ ሰው ነበር አልልም። ጠዋት መጋረጃውን ከፈተ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ተጫነ። የቀረው አንድ መብራት ብልጭ አለ። ሞተሩ ጎርነን ብሎ ሳለ፣ ሳለ፣ ተነሳ። ሰው የለበትም። ጭሱ ከኋላው እየወጣ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ልጄ አባቷን በጎን አየችው። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። የሰው ዕቃ እንደተበደረ ሰው ቆሞ ያያል።

ሻይ ቀዳሁለት። አልተቀመጠም፣ ቆሞ ነው የጠጣው፣ ዓይኑን ከታች ሳያነሳ። አሥር ደቂቃው ሊሞላ ሲል ልጄ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስታ መዳፉ ላይ አደረገችለት። ያዘውና አልሄደም።

«ደረጃው መስኮት የለውም» አለ።

«እና?» አልኩት።

«እኔ ስወርድ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለኋ።»

«ዓይንሽን እንዳታነሺ።»

«እሺ። ቢሄድስ ምን አደርጋለሁ?»

አሰበበት። «ትጮሂያለሽ» አለ። «ወንበሩ ላይ ያሉት እንዲነሱ።»

ብርጭቆዬን ይዤ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ከበስተኋላዬ ቁጥሩ ወደ ታች እየራቀ ሄደ። ከበሩ ብቅ ሲል ወደ ላይ አላየም፣ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ፣ ታኮዎቹን አነሳ፣ ገባ። ያኔ ነው ትንፋሼን የለቀቅኩት።

እንዲህ ስንሠራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ስንሠራ የምለው እኔም ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነው። ዳሌዬ ያማል፣ እንቅልፌ ሳይጠግብ ነው የምነሳው፣ ሻዬ ቀዝቅዞ ነው የምጠጣው። በብርድም በዝናብም ባዶውን መኪና አያለሁ፣ ከሥሩ ያሉትን ሰዎች አያለሁ፣ በውስጤ ለጩኸት ተዘጋጅቼ። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ምን እየሠራሁ እንደሆነ የሚያውቁ አይመስለኝም። መኪናው ከግቢው ወጥቶ ጥጉን ሲታጠፍ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።